ሪሞቱ ቼቺ እጅ ነው

የሁለት ሰዓት ፊልም አራት ሰዓት ሲፈጅ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አምስት ዓመት ሙሉ ፊልም ያየሁት እንደዚያ ነው።

ቦታው ሻርጃ ነው፣ ሮላ የሚባል ሰፈር። አራት አልጋ የተደረደረበት አንድ ክፍል። ቤድ ስፔስ ይሉታል፤ የምትከራዩት ክፍሉን ሳይሆን አልጋውን ነው። አንዱ አልጋ የእኔ ነበር። አንዱ ሁልጊዜ የሌሊት ፈረቃ የምትሠራ የፊሊፒንስ ልጅ። የቀሩት ሁለቱ የኬረላ ሰዎች። ኬረላ በደቡብ ምዕራብ ህንድ በባሕርና በተራራ መሃል የተዘረጋች ቀጭን ክልል ናት፤ ቋንቋቸው ማላያላም ይባላል። አረብ አገር ሠርቶ የተመለሰ ሁሉ ሳያውቃቸው አይቀርም። የሰፈር ሱቁ የእነሱ ነው፣ የሻይ ቤቱ የእነሱ ነው፣ ሆስፒታል ከገባችሁ ነርሷ የእነሱ ናት።

ከሁለቱ ትልቋ ነርስ ነበረች፣ የኮታያም ልጅ። ከእኔ በአሥር ዓመት ትበልጣለች። ቼቺ ነው የምንላት፤ "እትዬ" እንደማለት። ሁለተኛዋ የማላፑራም ሙስሊም ናት፣ ልብስ መደብር ውስጥ ትሠራ ነበር። እሷን ኢታ እንላታለን። እሱም "እትዬ" ነው፣ የሙስሊሞቹ አጠራር ነው እንጂ።

ቲቪዋ የቼቺ ስለሆነች ሪሞቱም የቼቺ ነው። ሐሙስ ማታ በፍላሽ ፊልም ታመጣለች። ለእኔ ስትል እንግሊዝኛ ሰብታይትል እንዳለው አስቀድማ ታያለች። ፊልሙ ይጀምራል። ከዚያ ይቆማል።

የሚቆመው ሽንት ቤት ለመሄድ አይደለም። ለመከራከር ነው። "የእኛ አገር ሰው እንደዚህ አይናገርም።" "ይሄ ቤት የናያር ቤት ነው እንጂ የክርስቲያን አይደለም፣ በሩን እይው!" (ናያር ከሂንዱዎቹ የጌቶቹ ወገን ናቸው።) "ዓሣ ውስጥ ይሄን ያህል ኮኮናት ማን ይጨምራል?" ኢታ ትመልስላታለች። ቼቺ ትመልሳለች። እኔ ቆሎዬን ይዤ እጠብቃለሁ።

መጀመሪያ ሰሞን አንጀቴን ታሳርረው ነበር። ቤታችን ፊልም ሲታይ ያስነጠሰ ሰው ይገላመጣል። ቆይቼ ግን ፊልሙ ላይ ካለው ይልቅ ሲቆም የሚባለውን መጠበቅ ጀመርኩ። የማላያላም ሲኒማና የኬረላ ሕዝብ ምንና ምን ናቸው የሚለኝ ሰው ካለ፣ እኔ የማውቀው ያቺ ሪሞት ላይ ያለውን ነው። እነዚህ ሰዎች ፊልም የሚያዩት ለመጣላት ነው፤ ፊልሙም የሚሠራው እነሱን ለመንካት ነው። (እዚህ የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ ነገሩ የገባኝ ሽርጥ ላይ ነው።

ሙንዱ ይሉታል። ወንዶቹ ወገባቸው ላይ የሚጠመጥሙት ነጭ ጨርቅ ነው፣ እስከ ቁርጭምጭሚት ይወርዳል። ሲሞቃቸው ወይም ሥራ ሲይዙ ከታች አንስተው ጉልበታቸው ድረስ ያጥፉትና ወገባቸው ላይ ይሸጉጡታል። በአንዱ ፊልም ላይ አንድ ጎረምሳ ሽርጡን አጥፎ መንገድ ዳር ቆሞ ያወራል። አንድ ሽማግሌ ብቅ አሉ። ጎረምሳው ወሬውን ሳያቋርጥ በአንድ እጁ ሽርጡን ለቀቀው፤ ጨርቁ እግሩ ላይ ወረደ። ሁለት ሴኮንድ ቢሆን ነው። ቼቺ አቆመችው።

"አየሽ?"

"ምኑን?"

መልሳ አሳየችኝ። ሦስት ጊዜ። ትልቅ ሰው ፊት የታጠፈ ሽርጥ ነውር ነው። አውቆ ሳይለቅ የቀረ ደግሞ ሰውየውን ሰድቦታል ማለት ነው፣ አፉን ባይከፍትም። ያኔ አያቴ ትዝ አሉኝ። የንስሐ አባታቸው ከደጅ ሲገቡ ጋቢያቸውን ከትከሻቸው አውርደው ያደገድጉ ነበር። "እኛም አለን" አልኳት። ማደግደግን በእንግሊዝኛ ለማስረዳት ግን አልቻልኩም፤ ተነስቼ በአንሶላ አሳየኋት። ኢታ በሳቅ ፈረሰች።

በሌላ ሳምንት ስፓዲካም የሚባለውን የ1995 ፊልም አየን። ሞሃንላል አለበት። እዚያ ላይ ሽርጡ ሌላ ሥራ አለው። ጀግናው ሲጣላ ጨርቁን ከወገቡ ፈትቶ የሰውየው ራስ ላይ ይጥልበታል፣ ከዚያ ይወቅጠዋል። አዳራሹ በፉጨት ይናጋ ነበር አለችኝ ቼቺ። የፊልሙ ሆድ ዕቃ ግን ድብድቡ አይደለም። አባትየው የሂሳብ አስተማሪ ነው፤ የዓለም ትርታ ሁሉ በሂሳብ ነው የሚል ሰው። ልጁ እጁ ለማሽን የተፈጠረ ነው። አባት ልጁን ቀዳዳ ሳንቲም እያለ እየሰደበ አሳደገውና ወንበዴ አደረገው። ልጁ የጭነት መኪናውን ሰይጣን ብሎ ሰየመው። ቼቺ ሦስት ጊዜ አቆመችው፣ ሦስቱንም አባትየው ላይ። አባቷን እያየች እንደነበር ለመገመት ነቢይ መሆን አያስፈልግም። በ2011 ቆጠራ ኬረላ ማንበብና መጻፍ በመቻል ከህንድ ክልሎች አንደኛ ነበረች፣ 94 በመቶ። ከዚያ ቁጥር ጀርባ ስንት ቤት ስንት ልጅ በማስመሪያ እንደተገረፈ ፊልሙ ያወራል።

የኬረላ አስተማሪ ደግሞ ለእኛ እንግዳ አይደለም። በጃንሆይም በደርግም ጊዜ ትምህርት ቤቶቻችን ውስጥ ብዙ ህንዳውያን አስተማሪዎች ነበሩ፤ ከእነሱ ብዙዎቹ የዚያ አገር ሰዎች ናቸው። እናቴ ደሴ ሂሳብ የተማረችው ከአንዱ ነው። አንድ ቀን በቪዲዮ እያወራን ቼቺን አስተዋወቅኳት። እናቴ ሰላምታውን ገና ሳትጨርስ አስተማሪዋን መቅዳት ጀመረች፤ ጭንቅላቷን ግራና ቀኝ እያወዛወዘች፣ "ኢት ኢዝ ቬሪ ሲምብሊ!" እያለች። እኔ ደነገጥኩ፣ ቼቺ ትቀየማለች ብዬ። ቼቺ አልጋዋ ላይ ወደቀች። "ሲምብሊ! ሲምብሊ አለች! ይሄማ የእኛ ሰው ነው!" ራሳቸው የሚቀልዱበት ነገር ነው ለካ።

ስለ ተዋናዮቹ አንድ ነገር ልበል። ሞሃንላልን ሞሃንላል የሚለው የለም፤ ላሌታን ነው። ማሙቲን ደግሞ ማሙካ። "ኤታን" የሂንዱዎቹ "ወንድም ጋሼ" ነው፣ "ኢካ" የሙስሊሞቹ። ሁለቱ ሰዎች ከ1980ዎቹ ጀምሮ ገበያውን ተካፍለው ይዘውታል። ቼቺ የላሌታን፣ ኢታ የማሙካ ናቸው። በዚህ ጉዳይ የተባለውን ሁሉ ብጽፍ ሌላ ብሎግ ልከፍት ነው።

ከላሌታን ይልቅ የሚያጣላቸው ግን አነጋገር ነው። ክልሏ ጠባብ ብትሆንም የሰሜኑ የካሳራጎድ ማላያላምና የደቡቡ የቲሩቫናንታፑራም ማላያላም የጎጃምና የወሎ አማርኛን ያህል እንኳ አይቀራረቡም ይላሉ። ድሮ ፊልሙ ሁሉ በአንድ አካባቢ ለዛ ይናገር ነበር፣ ኦታፓላም በሚባለው ወገን ባለው። ትልልቆቹ ደራሲዎች ከዚያ አካባቢ ስለሆኑ፣ ያማሩት የጥንት ቤቶችም እዚያ ስላሉ ነው። የማላፑራም ሰው ፊልም ላይ ከመጣ ለማሳቅ ነው የሚመጣው። ኢታ ይሄን ስትናገር ድምጿ ይቀየራል።

ለዚህ ነው ሱዳኒ ፍሮም ናይጄሪያ በ2018 ሲወጣ ሪሞቱን ነጥቃ የያዘችው። ማላፑራም የኳስ አገር ነው። ሰባት ለሰባት የሚጫወቱበት የራሳቸው ውድድር አላቸው፤ የእህል ማሳው ሲታጨድ ሜዳ ይሆናል፣ ሰዉ በቀርከሃ መቀመጫ ላይ ይጫናል። ክለቦቹ ከምዕራብ አፍሪካ ተጫዋች ያስመጣሉ። ሰፈርተኛው ጥቁር የሆነውን ሁሉ ሱዳኒ ይለዋል፣ ከየትም ይምጣ። ፊልሙ ውስጥ ናይጄሪያዊው እግሩን ተሰብሮ የክለቡ ሥራ አስኪያጅ ቤት ይተኛል። የሰውየው እናትና ጎረቤቷ፣ ቋንቋው የማይገባቸው ሁለት አሮጊቶች፣ ያስታምሙታል።

ኢታ በየደቂቃው ታቆማለች፤ ለክርክር ሳይሆን ለደስታ። "እናቴ ናት! የእናቴ ኩሽና ነው! የአክስቴ አነጋገር ነው!" በሕይወቷ የራሷን ምላስ ማንም ሳይስቅበት ፊልም ላይ የሰማችው ያኔ ነው። እኔ ደግሞ ሌላ ነገር አስቆመኝ። ክፍሉ የገባሁ ሳምንት ወንድሟ በስልክ አይቶኝ "ሱዳኒ ናት?" ብሎ ነበር። አስታወስኳት። አፈረች። ከዚያ ደግሞ ፊልሙ ከወጣ ከጥቂት ቀን በኋላ ናይጄሪያዊው ተዋናይ የተከፈለኝ ትንሽ ነው፣ ጥቁር ስለሆንኩ ነው ብሎ በአደባባይ ተናገረ። በኋላ ከሠሪዎቹ ጋር ተስማሙ፣ እሱም ቅሬታውን አነሳ። በመሃል ባሉት ቀናት ግን ክፍላችን ውስጥ ያን ፊልም ያነሳ አልነበረም።

ፖለቲካ ደግሞ ከቁርስ ጋር ነው የሚበሉት። በ1957 ኮሙኒስቶችን በምርጫ ሥልጣን ላይ ያወጡ ሰዎች ናቸው፤ ክልሏ ከተመሠረተች ገና ዓመት ሳይሞላት። ከዚያ ወዲህ ግራና ቀኙ ሲቀባበሉ ኖረዋል። ሻይ ቤቱ ውስጥ አንዱ ጋዜጣ ያነባል፣ አሥሩ ይከራከራል። በ1991 የወጣው ሳንዴሻም ይሄን ነገር ነው የያዘው። ሁለት ወንድማማቾች አሉ፣ አንዱ የግራ ካድሬ፣ አንዱ የተቃራኒው። አባታቸው ጡረታ የወጣ የባቡር ጣቢያ ኃላፊ ነው። ልጆቹ የአባታቸውን ጡረታ እየበሉ ስለ ዓለም ፖለቲካ ይጣላሉ። አንዱ ፖላንድ ውስጥ የሆነውን አየህ ይለዋል። ሌላው ይቆጣል፤ ስለ ፖላንድ አንዲት ቃል እንዳትተነፍስ!

ያቺ ቃል ተረት ሆናለች። መልስ ያጣ ሰው የሚናገራት ናት። ክፍላችን ውስጥ የልብስ ማጠቢያ ተራ ላይ ስንጨቃጨቅ ቼቺ እጇን ታነሳለች፤ "ስለ ፖላንድ እንዳታወሩ!" የፊሊፒንሷ ልጅ እንኳ ምን እንደሆነ ሳታውቅ መጠቀም ጀምራ ነበር።

እኔ በሳቅ የሞትኩት ግን ሌላ ቦታ ነው። ፓርቲው ምርጫ ይሸነፋል። አንድ ሽማግሌ የፓርቲ ሊቅ አባላቱን ሰብስበው የተሸነፍንበትን ምክንያት በንድፈ ሐሳብ ይተነትናሉ፤ የቃላቱ ክምር አናት አያስይዝም። አንዱ ምስኪን እጁን አውጥቶ፣ ለምን እንደተሸነፍን በቀላሉ ቢነግሩን ምናለ ይላል። ቁጣው ወረደበት። አባቴ የደርግ ጊዜ የመንግሥት ሠራተኛ ነበር፤ የውይይት ክበብ እያሉ ሰኞ ሰኞ ያስቀምጧቸው ነበር። እሱም ቤት መጥቶ እንደዚያ ይተርክልን ነበር፣ የአወያዩን ድምፅ እያስመሰለ። ቼቺ ኮሙኒስት ቤት ነው ያደገችው። ሆኖም አብራኝ ሳቀች። ይሄን ነገር ነው የማደንቅላቸው። ፊልሙ በሁለቱም ወገን ላይ ያላግጣል፣ ሁለቱም ወገን ሄዶ ያየዋል፣ ከሠላሳ ዓመት በኋላም ይጠቅሰዋል።

ሁሉ ነገር እንዲህ የሚያስቅ አልነበረም። አንድ ማታ ሴሉሎይድ የሚለውን የ2013 ፊልም አየን፤ የማላያላምን የመጀመሪያ ፊልም ስለሠራው ስለ ጄ. ሲ. ዳንኤል ነው። ነገሩ የሆነው ከመቶ ዓመት ገደማ በፊት ነው። ድምፅ የሌለው ፊልም። ዋናዋን ሴት የተጫወተችው ሮዚ የምትባል ሴት ነች፣ አይነኬ ከሚባሉት ወገን። የተጫወተችው ግን የናያር ሴት ሆና ነው፣ ያውም የጌቶቹ ወገን። ፊልሙ ሲታይ ጌቶቹ አበዱ። ስክሪኑን በድንጋይ ወገሩት፣ እሷንም አሳደው ከአገር አስወጧት። የፊልሙ ቅጂ ዛሬ የለም። የዚያ ሁሉ ሲኒማ ታሪክ የሚጀምረው ከተባረረች ሴት ነው።

የዚያን ቀን ሪሞቱን የጠየቅኩት እኔ ነኝ። ቼቺ ሰጠችኝ። "በእናንተ ቤትስ?" አልኳት። ክርስቲያን ናት፣ የእኛ እህት ቤተ ክርስቲያን የሆነችው የማላንካራ ኦርቶዶክስ ልጅ። ረቡዕና ዓርብን አብረን ነው የምንጾመው። ይሄ ነገር የሂንዱዎች ብቻ ነው ትለኛለች ብዬ ነበር። ቼቺ ጥቂት ዝም አለች። "ለቀን ሠራተኞች የተለየ ብርጭቆ ነበረን" አለች። "ከጓሮ፣ ግድግዳ ላይ ሚስማር ነበር። እዚያ ይንጠለጠላል። ማንም አያነሳውም። ልጅ ሆኜ ለምን እንደሆነ ጠይቄ አላውቅም።" እኔም ስለ እኛ አገር ሸክላ ሠሪዎችና ቆዳ ፋቂዎች ነገርኳት። ቡዳ የሚለውን ቃል ለማስረዳት እንደ ማደግደግ አንሶላ አላስፈለገኝም። ፊልሙን የዚያን ቀን አልጨረስነውም።

የጥንቱ ትልቅ ቤት ሲፈርስ የሚያሳይ ፊልም ደግሞ ሞልቷል። ናያሮቹ ንብረት በእናት ወገን የሚያወርሱ ነበሩ፤ ቤቱ የሴቷ፣ አዛዡ ግን አጎት። የመሬት ሥርዓቱ ተቀየረ፣ በ1975 የጋራ ቤተሰብ ሥርዓቱንም በሕግ አፈረሱት። እኛም በዚያው ዓመት ነው መሬት ላራሹን ያወጅነው። ዳይሬክተሩ አዱር ጎፓላክሪሽናን የሠራው ኤሊፓታያም፣ የአይጥ ወጥመድ ማለት ነው፣ ከዚህ ፍርስራሽ ላይ ይነሳል። ባለቤትየው ሠርግ ሊሄድ ለብሶ ይወጣል። መንገድ ላይ ውሃ ያቆረ ጉድጓድ ያገኛል። ተመልሶ ቤቱ ይገባል። ይሄው ነው። ኢታ እንቅልፍ ወሰዳት፣ አልፈርድባትም፣ ፊልሙ ዝግ ያለ ነው። እኔ ግን ያን ሰውዬ አውቀዋለሁ፤ የናቴ አጎት ነበር።

ዝናብ ሲመጣ ብቻ ክርክር የለም። ሻርጃ በዓመት ስንት ጊዜ ይዘንባል? የኬረላ ፊልም ውስጥ ግን ይዘንባል፤ በቆርቆሮው፣ በሙዝ ቅጠሉ፣ በትምህርት ቤት ልጆች ጃንጥላ ላይ። ክረምታቸው የሚገባው ሰኔ መግቢያ ላይ ነው፣ ትምህርት ቤት የሚከፈተውም ያኔ ነው። የእኛ ክረምቱ ሲወጣ፣ የእነሱ ሲገባ። ሁለቱም ዝም ብለው ያዩታል። አንድ ጊዜ ቼቺ የዝናብ ቦታ ላይ አቁማ ለምን እንዳቆመች አልተናገረችም። እኛም አልጠየቅናትም።

ኤ ማ ያው የሚባለውን የ2018 ፊልም ያየነው አራታችንም ነን፤ የፊሊፒንሷ ልጅ ፈቃድ ላይ ነበረች። የባሕር ዳር ካቶሊኮች ናቸው። አባት ጥሩ ቀብር እፈልጋለሁ፣ ከነባንዱ ከነጉድ ይላል። ልጅ ቃል ይገባል። አባት በዚያው ሌሊት ይሞታል። ዝናቡ ይወርዳል፣ የሬሳ ሳጥኑ ይበላሻል፣ ቄሱ ያስቸግራል። የሳቁና የለቅሶው ድንበር የቱ ጋ እንደሆነ አላወቅኩም። የፊሊፒንሷ ልጅ ካቶሊክ ናት፣ ቼቺ ኦርቶዶክስ፤ ቄሱ ላይ ለአርባ ደቂቃ ተጣሉ። እኔ ስለ እድር አስረዳሁ። ድንኳኑም ሳጥኑም ከእድር እንደሚመጣ ስነግራቸው፣ "ታዲያ የእናንተ ፊልም እዚህ ላይ ያልቅ ነበር" አለች ኢታ።

ከዚያ የ2021 ጥር መጣ። ኮሮና። ቼቺ ከሆስፒታል ስትመጣ ፊቷ ላይ የማስኩ ምልክት አይለቅም ነበር። ዘ ግሬት ኢንዲያን ኪችን የሚባል ፊልም ወጥቶ ነበር። ትልልቆቹ የኢንተርኔት ቲቪዎች አንፈልግም ብለውት አንዲት ገና ብቅ ያለች የኬረላ ድርጅት ናት ያወጣችው። ዝናው ከተሰማ በኋላ ከትልልቆቹ አንዱ መጥቶ ገዛው።

አንዲት ዳንሰኛ ታገባለች። ከዚያ ኩሽና ነው። ኩሽና። ኩሽና። ሽንኩርት ይከተፋል፣ ኮኮናት ይፈገፈጋል፣ ሊጥ ይፈጫል። አማቷ፣ የባሏ አባት፣ ጨዋ ሰው ናቸው፤ አይጮሁም። ሩዙ ግን በፕሬዠር ኩከር ሳይሆን በእንጨት እሳት ይሁንልኝ ይላሉ። ልብሴ በማሽን ሳይሆን በእጅ ይታጠብ ይላሉ። የጥርስ ብሩሻቸው እንኳ እጃቸው ላይ ይሰጣቸዋል። አባትና ልጅ በልተው ሲነሱ ያኘኩት አጥንትና ልጣጭ ጠረጴዛው ላይ ተዝረክርኮ ይቀራል። የዕቃ ማጠቢያው ቱቦ ያፈሳል። ባልየውን ሠራተኛ ጥራ ትለዋለች፣ እሺ ይላል፣ አይጠራም። ከሥር ጆንያ ታነጥፋለች። ቆሻሻው ውሃ ይንጠባጠባል። በወር አበባዋ ጊዜ ደግሞ ኩሽናውም ይከለከላታል፣ ለብቻዋ ክፍል ይዘጋባታል። ቤቱ የሳባሪማላ ምዕመን ነው፤ ፍርድ ቤት በ2018 ሴቶች ይግቡ ብሎ ክልሉ ሁሉ የታመሰበት ቤተ መቅደስ ነው።

ቼቺ ሪሞቱን ጭኗ ላይ ይዛ ነበር። አውራ ጣቷ ማቆሚያው ላይ ነው። አልተጫነችውም። አንድም ጊዜ። አንድ ሰዓት ከአርባ ምናምን ደቂቃ ሲያልቅ ያ ክፍል ውስጥ ሳይቆም ያለቀ የመጀመሪያው ፊልም ሆነ። ልጅቷ የዕቃ ማጠቢያውን ቆሻሻ ውሃ ባልና አማቷ ላይ ስትደፋ ኢታ አጨበጨበች። ቼቺ አላጨበጨበችም። ተነስታ ሻይ ጣደች።

"የአባቴም ሩዝ በእንጨት ነበር" አለች፣ ጀርባዋን እንደሰጠችን።

በማግስቱ ወደ ኮታያም ደወለች። ከሰማሁት የገባኝ "አማ" የሚለው ብቻ ነው፣ እሱም እማዬ ነው። ቆይቼ ምን አወራችሁ ብላት፣ "ቱቦው ያፈስ እንደሆነ ጠየቅኳት" አለችኝ። ያፈስ ነበር።

ያን ኩሽና የሠራው ኢንዱስትሪ የራሱ ጓዳ ግን ሌላ ጉድ ነው። በ2017 አንዲት ታዋቂ ተዋናይ ታፍና ጥቃት ደረሰባት። ሴቶቹ ተሰባስበው ማኅበር አቋቋሙ። መንግሥት በአንዲት የቀድሞ ዳኛ የሚመራ ኮሚቴ አቋቁሞ አስጠና። ሪፖርቱ በ2019 መጨረሻ ተሰጠ፣ ሕዝብ ያየው ግን በ2024 ነሐሴ ነው፣ ያውም ተቆራርጦ። አምስት ዓመት ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው መሳቢያ ውስጥ። ይሄን ሳነብ አዲስ አበባ ተመልሼ ነበር። ቼቺ የላከችልኝ መልእክት ሦስት ቃል ብቻ ነበር፤ "ቱቦው ያፈሳል፣ አይደል?"

አረብ አገርን የሚመለከቱት ፊልሞች ላይ እኔም ባለጉዳይ ነኝ። ናዶዲካቱ በ1987 የወጣ ኮሜዲ ነው። ሁለት ሥራ ፈቶች ዱባይ አደርሳችኋለሁ ለሚል ደላላ ገንዘባቸውን ይሰጣሉ። በጀልባ ይጫናሉ፣ ሌሊት ባሕር ዳር ይጣላሉ። የአረብ ቀሚስ ለብሰው ከተማውን ሲያዩት ጽሑፉ ሁሉ ታሚል ነው። ዱባይ ሳይሆን እዚያው ህንድ፣ ማድራስ ናቸው! ሁለቱ እየተንከባለሉ ሲስቁ እኔም ሳቅኩ። ከዚያ ሳቄ ቆመ። ደላላ የጣለው ሰው የእኛም ሰፈር አለ፤ የጣለው ግን ማድራስ አይደለም።

በ2019 ወደ ባሕር ዳሯ ከተማ ወደ ኮርፋካን የሚያቋርጠው አዲሱ መንገድ ሲከፈት ሦስታችን ለሽርሽር ሄድን። ቼቺ ካሳቫና ዓሣ ሠርታ ነበር። ኢታ ውሃው ዳር ቆማ በጣቷ አሳየችን። የመጀመሪያዎቹ የኬረላ ሰዎች በ1960ዎቹ በሸራ ጀልባ መጥተው እዚህ ነው የሚራገፉት፤ የቀረውን በዋና። ማሙካ የተጫወተበት ፓቴማሪ የሚባል ፊልም አለ፣ የ2015። ዕድሜውን ሙሉ ለዘመድ ሲልክ የኖረ ሰው ታሪክ ነው። የኢታ አያት በዚያ መንገድ ነው የመጣው። እሷ በአውሮፕላን መጣች፣ ቤት ሠርታለች፣ ቤቱ ውስጥ ያደረችው ግን በአምስት ዓመት ዘጠና ቀን አይሞላም። "ያን ፊልም አላቆምኩትም" አለች። "አስተያየት የለኝም።"

አሁን ቼቺ አየርላንድ ናት፤ ነርሶቻቸው ወደዚያ እየጎረፉ ነው። ኢታ ማላፑራም ተመልሳ የራሷን ሱቅ ከፍታለች። እኔ እዚህ፣ የራሴ ቲቪ፣ የራሴ ሪሞት።

ባለፈው አዱጂቪታምን አየሁ። በ2024 የወጣ ነው፤ ቤንያሚን ከጻፈው ልብ ወለድ፣ በእውነት ከደረሰ ታሪክ። ናጂብ የሚባል የኬረላ ሰው ሳዑዲ ሲደርስ አንድ ሰው ከኤርፖርት ይወስደውና በረሃ ውስጥ የፍየል እረኛ ያደርገዋል። ሲያመልጥ መንገዱን የሚመራው ኢብራሂም ካድሪ የሚባል አፍሪካዊ ነው፤ መጽሐፉ ላይ ሶማሊያዊ ነው። አሸዋውን እያነበበ፣ ውሃ እያካፈለ ያሻግረዋል። መንገድ ላይ ሲደርሱ ኢብራሂም የለም። ጠፋ። እንደ መልአክ።

አቆምኩት። ማንም የለም። ስልኬን አንስቼ ለቼቺ ድምፅ ላክሁ። ሰውየው እንዴት ይጠፋል? ናጂብ ቤቱ ሲገባ ሁላችንም አለቀስን፣ ኢብራሂምስ? የእኛ ልጆች ከጂቡቲ፣ ከኦቦክ በጀልባ የመንን አቋርጠው ያንን በረሃ በእግራቸው ይሄዱታል። መልአክ ስለሆኑ አይደለም። እናት አላቸው። እናቱን አንዴ እንኳ ቢያሳዩን ምን ነበር? አራት ደቂቃ ተናገርኩ።

መልሷ በማግስቱ መጣ። ዘጠኝ ደቂቃ ነው። ከኋላ ኩከሩ ያፏጫል። ናጂብ ያየው እንደዚያ ነው ትላለች፤ ለሚሞት ሰው እጁን የያዘው ሁሉ መልአክ ነው፣ ፊልሙ የናጂብ ዓይን ነው። ደግሞ መጽሐፉን አንብቢው። ደግሞ ተሳስተሻል። ከዚያ ኢታ ገባችበት፤ እሷ ከእኔ ጋር ናት፣ ግን በሌላ ምክንያት። አሥራ አንድ ደቂቃ።

ገና ሰምቼ አልጨረስኩም። ፊልሙም እዚያው ነው። ቲቪው ላይ አሸዋና የኢብራሂም ጀርባ።